በሽንኩርት ማሳው ምሰሶ ላይ ኤሌክትሪኩን ማን እንደለቀቀው የተሰጠ ቃል

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ሐምዲያ ሰዲቅ
ዕድሜ፦ 47
የትምህርት ደረጃ፦ 6ኛ ክፍል
ሥራ፦ ሽንኩርት ቸርቻሪ
አድራሻ፦ ሸዋሮቢት ከተማ፣ ከወንዙ ማዶ ያለው ሰፈር
ቃሉ የተሰጠበት ጊዜ፦ ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሮ
ቃል ተቀባይ፦ ምክትል ሳጅን ማርታ ውባለም
ጉዳዩ፦ የሟች ረድዋን አብዱልሀኪም አሟሟት
ማስታወሻ፦ ምስክሯ ቃላቸውን በራሳቸው እጅ ለመጻፍ ስለጠየቁ ተፈቅዶላቸዋል።

እኔ ስሜ ከላይ የተጠቀሰው ሐምዲያ ሰዲቅ የሟች ረድዋን ወላጅ እናት ነኝ። ከዚህ በፊት ጥር 17 ቀን ቃል እንደሰጠሁ ተመዝግቧል። ያን ቀን ለቅሶ ላይ ነበርሁ። ፖሊሶቹ ሲጠይቁኝ አጠገቤ የተቀመጠው የሟች ባለቤቴ ታናሽ ወንድም ሙጂብ «እሷ ምንም አላየችም» ብሎ መለሰልኝ፤ እኔም ዝም አልሁ። አይቻለሁ። ያየሁትን ዛሬ በእጄ እጽፋለሁ። እጄ ስለማይፈጥን ታገሡኝ።

ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም. ልጄ ረድዋንና የሥራ ጓደኛው ኤሌክትሪሻኑ ዮሴፍ አሰፋ በሙጂብ የሽንኩርት ማሳ ላይ ፓውዛ መብራት ለመስቀል ሄዱ። ፓውዛው ያስፈለገው የውኃ ሞተሩን ሌሊት ሌባ እንዳይወስደው ለመጠበቅ ነው። ሙጂብ ለዚሁ ረጅም የብረት ቱቦ በሲሚንቶ አስተክሎ ነበር። ሽቦው በቱቦው ውስጥ አልፎ ጫፉ ላይ ካለው ፓውዛ ጋር መገናኘት ነበረበት። ምሳ ይዤላቸው ስደርስ ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ይሆናል። ከጠዋት ጀምሮ መብራት አልነበረም።

በልተው ሲነሱ ዮሴፍ ሞተሩ ቤት ገብቶ ብሬከሩን አውርዶ አጠፋው። መብራት ለሌለው ምን ያስወርድሃል አልሁት። «እማዬ፣ መብራት አይታመንም፤ ሳይጠሩት ይመጣል። ይችን ማንም እንዳይነካት» አለኝ። ብሬከሩ አንድ ነው፤ ሞተሩንም አዲሱንም መስመር ይይዛል።

ሽቦው በሚገባበት በታችኛው ቀዳዳ አፍ ላይ፣ የተቆረጠው ብረት ሽቦውን እንዳይልጠው፣ ዮሴፍ የጎማ ቁራጭ ሲያለብስ አይቻለሁ። ረድዋን በመሰላል ወጥቶ ብሎን የታሰረበት ሲባጎ በቱቦው ውስጥ ለቀቀ። ብሎኑ ታች ሲደርስ ዮሴፍ ሽቦውን ከሲባጎው ጋር አሰረው፤ ልጄ ከላይ እየጎተተ እሱ ከታች እየገፋ አወጡት። ረድዋን ከላይ ሆኖ ብርዳሙ የጣርማ በር ተራራ ይታየኛል አለ። ዮሴፍም «ዋሻውን ከማለፍህ በፊት ካፖርት ልበስ» አለው። ተሳሳቁ። ከዚያ ዮሴፍ የሽቦውን የታችኛውን ጫፍ ከብሬከሩ ጋር አሰረ። የላይኛው ሳያልቅ የታችኛው መታሰር እንዳልነበረበት ያን ዕለት ራሱ እያለቀሰ ተናግሯል። ያየሁትን ሁሉ ስለምጽፍ ይህንንም አልተውሁም።

ከቀኑ 8 ሰዓት አለፍ ሲል ዮሴፍ የሽቦ መጠቅለያ ናስትሮ አልቆበት አስፋልቱ ዳር ካቆሙት ባጃጅ ሊያመጣ ሄደ። ረድዋን ከላይ የሽቦውን ጫፍ በፒንሳ ይልጥ ነበር። እኔ ሞተሩ ቤት አጠገብ ሳህን አጥባለሁ። ሙጂብ ከማሳው ጫፍ ቦይ ሲከፍት ቆይቶ መጣና ሞተሩ ቤት ገባ። በሩ ክፍት ስለነበር ብሬከሩን ወደ ላይ ሲያነሳው በግልጽ አየሁ። ዮሴፍ ማንም እንዳይነካ ብሏል ብዬ ነገርሁት።

«እትዬ፣ መብራት እኮ የለም» አለኝ። «ሽንኩርቴ ውኃ ከቀመሰ ሰነበተ። ሲመጣ ሞተሩ እንዲነሳ ነው። እነሱ እስከዚያ ጨርሰው ይወርዳሉ።»

ልጄ እላይ ነው፣ መልሰህ አውርደው አልሁት። እጁን አወናጭፎ ወደ ቦዩ ተመለሰ። እኔ ራሴ እንዳላወርደው እጄ በውኃ ርሶ ስለነበር ፈራሁ። ረድዋንን ውረድ ብዬ ተጣራሁ። «መጣሁ እማ፣ አንዲት ነገር ቀረችኝ» አለ። ዮሴፍን ለመጥራት ወደ አስፋልቱ ሮጥሁ።

እኩሌታ መንገድ ሳልደርስ ከኋላዬ ሞተሩ ሲነሳ ሰማሁ። ወዲያው ሰፈር ውስጥ ልጆች መብራት መጣ እያሉ ጮኹ። ዞር ስል ልጄ ምሰሶው ላይ ተጣብቋል። ዮሴፍ እየሮጠ በአጠገቤ አልፎ ሞተሩ ቤት ገባና ብሬከሩን አወረደ። ሞተሩ ጸጥ ሲል ልጄ ወደቀ። ሐኪም ቤት ሳንደርስ ሕይወቱ አለፈ። አላህ ይዘንለት።

ጎረቤቶች ሮጠው ሲደርሱ ያገኙት ዮሴፍን እጁ ብሬከሩ ላይ እንዳለ ነው። አብርቶ ገደለው ያሉት ከዚህ ተነስተው ነው። አንገቱን ይዘው ሲያወጡት ሙጂብ እዚያው ቆሞ ነበር፤ ቃል አልተነፈሰም። እኔ ልጄ ላይ ተደፍቼ ነበር።

ሙጂብ ባለቤቴ ከሞተ ጀምሮ ረድዋንን እንደ ልጁ አሳድጎታል። የምኖርበትም ቤት የእሱ ነው። ሊገድለው አስቦ እንዳላደረገውም እመሰክራለሁ። ነገር ግን ለቅሶተኛው ሲበተን ብቻውን መጥቶ እንዲህ አለኝ፦ «እትዬ፣ ረድዋን አይመለስም። ዮሴፍ ወጣት ነው፣ ታስሮ ይወጣል። እኔ ከገባሁ ልጆቼ ሜዳ ላይ ቀሩ ማለት ነው።» ጭንቅ ውስጥ ሰነበትሁ፤ ልጆቹን በእጄ አዋልጄ ያሳደግሁ ነኝ።

ትናንት ለታሰረው ለዮሴፍ ምግብ ይዤ እዚህ ፖሊስ ጣቢያ መጣሁ። ሳህኑን ተቀብሎ ሳይከፍተው «እማዬ፣ እርስዎም እኔ ነኝ ይላሉ?» አለኝ። ዘበኛው ሰዓት አልቋል ብሎ አስወጣኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልነበረኝም።

ይህን ስጽፍ ምክትል ሳጅን ማርታ፣ ሙጂብ ግቢው በር ላይ እየጠበቀኝ መሆኑን ነግረውኝ በጓሮ በር ላስወጣዎ አሉኝ። አልፈለግሁም። በፊት ለፊቱ በር ወጥቼ የጻፍሁትን እነግረዋለሁ፤ ከሌላ ሰው ከሚሰማው ከእኔ ይስማው። ቤቱን ልቀቂ ካለኝ እለቃለሁ። ብሬከሩን ያበራው ሙጂብ ነው፤ መልሶ ያወረደው ዮሴፍ ነው።

ይህን ቃል ማንም ሳያስገድደኝና ሳያባብለኝ ጽፌ፣ መልሼ አንብቤ፣ በዓይኔ ካየሁትና በጆሮዬ ከሰማሁት ያልጨመርሁና ያልቀነስሁ መሆኑን በአላህ ስም ምዬ ፈርሜያለሁ። ፍርድ ቤት ብጠራም ይህንኑ እደግማለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ሐምዲያ ሰዲቅ
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ም/ሳጅን ማርታ ውባለም