ሁለተኛዋ ኳስ

ከዲላ ወደ ፍስሐ ገነት በሚሄደው ሚኒባስ ስገባ ዝናቡ አላባራም ነበር። ከጎኔ አንዲት እናት ፊርማ ያለባት የቅርጫት ኳስ ታቅፈዋል። ከፊታችን የተቀመጠው ጎልማሳ ዞር አለ።

«እናቴ፣ ኳሷን ከኋላ ላስጭንልዎት?»

«ተው ልጄ፣ ፊርማው ይለቅብኛል።»

«የማን ፊርማ ነው?»

«የዚያ የድሮ ተጫዋች ነዋ፣ ጡረታ ወጥቶ ዲላ የገባው። ባለቤቴ እሱ የፈረመበትን ሁሉ ይሰበስባል። ማሊያው፣ ጫማው፣ እንዲህ ያለች ኳስም፣ ሣጥን ሙሉ ነው።»

«ታዲያ ደስ ሊላቸው ነው።»

«እሱማ አስቀድሞ ደስ ብሎታል! ባለፈው እሁድ ለቤተ ክርስቲያናችን ማሠሪያ ጨረታ ነበር። ሰው ዶሮውን፣ ሙዙን ሲያመጣ እኔ ከሣጥኑ ያቺን ኳስ ወሰድኩ።»

«ሳይነግሯቸው?»

«ይርጋጨፌ ሄዶ አልተመለሰማ። ተጫዋቹ ደግሞ እንግዳ ሆኖ ተቀምጧል። ዶሮዎቹን ተሻሟቸው፤ ለኳሷ ግን ዋጋ የሚጠራ ጠፋ።»

«ኧረ! እሱ እያየ?»

«አፍሮ ራሱ ገዛት። ከዚያ እንደ ደንባችን፣ ለቤተ ክርስቲያን ድጋሚ ትሸጥ ብሎ መለሳት። ይኼኔ ከበር በኩል አንዱ ብቻውን ዋጋ እየጨመረ፣ እየጨመረ ይጠራል። ዞር ብል ባለቤቴ!»

«የራሳቸውን ኳስ?»

«አሁን ሁለት ሆኑልኝ ብሎ እየዘመረ ቤት ገባ።»

«ሣጥኑን ሲከፍቱስ?»

«ቁልፉ እኔ ጋ ነው። ይኸው ሣጥኑ ውስጥ የምመልሳት ሌላ ኳስ ገዝቼ ተጫዋቹን አስፈረምኩት።»

«አዲስ መሆኗ ያስታውቃል እኮ።»

«ይህንንም ለተጫዋቹ ነግሬው ነበር። ሳይፈርም በፊት ጭቃው ላይ ሲያነጥራት፣ ሲያነጥራት፣ አስረጅቶ ሰጠኝ።»

የሚንጠባጠበውን ጃንጥላዬን ከኳሷ አርቄ ወደ መስኮቱ አዞርኩት።