በቀርከሃ የታሰረው እጅ

የታሰረ እጅ ሳይ ለምን ፊቴን እንደማዞር ልንገራችሁ። ቢቸና ተረኛ ነርስ ነበርኩ። አንድ አባት የአሥራ አራት ዓመት ልጃቸውን አዝለው ገቡ። ከትናንት በስቲያ ፍሬን በሌለው የኪራይ ሳይክል ቁልቁለት ሲወርድ ወድቆ ነው። «ሞጣ ድረስ ወስጄ ለወጌሻ አሳየሁት፤ እጁን አቃንቶ አስሮለታል። አሁን እንቅልፍ ብቻ አበዛብኝ» አሉኝ።

«ጭንቅላቱንስ ተመቶ ነበር?»

«እሱማ ተጋጭቷል፤ ግን አልደማም እኮ፣ ልጄ።»

ደሙ የፈሰሰው ወደ ውስጥ ነበር። ሐኪሙን እየጮህኩ ጠራሁት፤ ሮጦ መጣ፤ ልጁ ግን እጃችን ላይ አለፈ። የተሰበረው እጁ በቀርከሃ ተደግፎ እንዴት አምሮ ታስሯል! አባትየው ሁለት ቀን ሙሉ የተጠነቀቁት ለእጁ ነው። አስከሬኑን ልናነሳ ስንል አባትየው ተንደርድረው ያዙን።

«ቀስ በሉ እንጂ! እጁን ታሳምሙታላችሁ።»