ምራቂው ቃሌ

የተከበራችሁ አባቶቻችን ካህናት፣ የእድራችን ዳኛ ጋሽ ነጋ፣ እናቶቼ፣ የጌጃ ሰፈር አብሮ አደጎቼ! ስለ ቃለሕይወት ተናገሪ ያለችኝ ባለቤቱ ናዝሬት ናት። «ብታስለቅሺኝ እቀየምሻለሁ» ብላኛለች። እንግዲህ ሳቅ ቢያመልጣችሁ ተጠያቂዋ እሷ ናት።

ቃሌ ኳስ ይወድ ነበር። ኳስ ግን ቃሌን አትወደውም። ማን ይክዳል? ሲመታ ጫማው ይሄዳል፣ ኳሷ ትቀራለች። ቡድን ሲመረጥ አምበሎቹ «እሱ የኔ ነው! እሱ የኔ ነው!» እያሉ ሁሉም ተጠርቶ ያልቅና ቃሌና እኔ ግድግዳው ጋ እንቀራለን። እኔስ ሴት ነሽ ተብዬ ነው። እሱስ? አምበላችን ኢብራሂም፣ አትደበቅ ኢብራሂም፣ አይቼሃለሁ! ለተጋጣሚው ምን ይል ነበር? «ቃሌን ምራቂ ውሰደው!» እንደ ቲማቲም! ተጋጣሚውም «ኧረ ምራቂህን ያዝ!» ይላል። ቃሌ ግን ወደ እኔ ዞሮ፣ «ቆይ ብቻ፣ አንድ ቀን መጀመሪያ የምጠራው እኔ ነኝ» ይለኛል።

ከተክለ ሃይማኖት ልጆች ጋር የተጋጠምን ዕለት ታስታውሳላችሁ? በረኛችን ታመመና ቃሌ ገባ። እኩል ለእኩል ነን፤ ሊያልቅ ሲል ሪጎሬ ተሰጠብን። ልጁ ተንደርድሮ ሲመጣ የልደታ ደወል ተደወለ። ቃሌ ምን አደረገ? እናቱ ያስተማሩትን! ፊቱን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዞረ፣ አማተበ፣ ጎንበስ አለ። ኳሷ መጥታ፣ አባቶቼ ይቅር በሉኝ፣ መቀመጫው ላይ ጧ! ተመልሳ ወጣች። በትከሻ ተሸከምነው። እሱ ከላይ ሆኖ፣ «ምንድነው? ገባ እንዴ?» ይላል።

አሁንስ ይመረጣል አልን። በሚቀጥለው ቅዳሜ ኢብራሂም ምን ቢል ጥሩ ነው? «ደወል ካልተደወለ ምን ያደርግልኛል? ምራቂ!»

ልጆቹ አድገው የጤና ቡድን ሲመሠርቱስ አበቃ? የት አባቱ! ቃሌ ሸበቶውን ይዞ፣ ቦርጩን ይዞ፣ ያው ግድግዳ ጋ። «ኢቡ፣ ዛሬስ?» «ምራቂ!» አንድም ቅዳሜ ግን አልቀረም። እንደሱ የሚመጣ ማን ነበር? እንደሱ እየሳቀ የሚገባስ?

ቃሌ፣ ትሰማኛለህ?

ዛሬ ጠዋት ሬሳህ ከቤት ሲወጣ፣ ከፊት ማን ይያዝ ብለው ያ ሁሉ አምበል፣ ያ ሁሉ አጥቂ ተሻማ። ያን ጊዜ ኢብራሂም ሁሉንም ገፍቶ መጣና እንባው እየወረደ ጮኸ፤ «ዞር በሉ! ቃሌ የኔ ነው!»

እኔ ሰምቻለሁ። ሰፈሩ ሰምቷል።

መጀመሪያ ተጠራህ፣ ወንድሜ። በል ግባ።