ብቻዬን መርከብ የተሳፈርኩ ጊዜ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ሰው ዝም ብሎ መንገድ አይሄድም ነበር። ምክንያት ነበረዋ! ወይ ለቅሶ ነው፣ ወይ ሠርግ ነው፣ ወይ ክርስትና ነው፣ ወይ ደግሞ እንደኛ ሽሽት ነው። እኔ ራሴ ዕድሜዬን ሙሉ ስንት ሻንጣ አዘጋጅቻለሁ፣ አንዱንም ለራሴ ብዬ አላዘጋጀሁም። ሱዳን የሄድኩት ሸሽቼ ነው፣ ሆላንድ የመጣሁት መጠጊያ ፍለጋ ነው፣ ለንደን የሄድኩት ለእህቴ ልጅ ሠርግ ነው፤ እሱንም ቢሆን ገና ሻንጣዬን ሳላስቀምጥ ሽንኩርት አስያዙኝና ሠርጉን ወጥ ቤት ሆኜ በጆሮዬ ነው የበላሁት። እና ታዲያ "ለምን ትሄጃለሽ?" ሲሉኝ "እንዲሁ" ብዬ የመለስኩበት መንገድ አልነበረኝም። ጽጌ፣ ከጎኔ የተቀመጥሽው፣ አንቺስ አለሽ? የለሽም! ዝም አትበይ፣ የለሽም።

ይሄ "እንዲሁ" የሚባል ነገር ከየት መጣብሽ አትሉኝም? ከሥራ ነው የመጣብኝ። ጡረታ ሳልወጣ እዚሁ ሮተርዳም ሻርሎይስ ሰፈር በየቤቱ እየዞርኩ አረጋውያን አጥብ አለብስ አልነበር? አንዷ ሜቭራው፣ እሜቴ እንደማለት ነው፣ ነፍሷን ይማርና፣ በየዓመቱ ብርድ ሲገባ ብቻዋን መርከብ ትሳፈርና ፎቶዋን ይዛ ትመጣለች። "ከማን ጋር ሄድሽ?" እላታለሁ። "ከማንም! ሌከር አሌን!" ትለኛለች፣ ዓይኗን እንዲህ ጨፍና። ሌከር የሚሉት እኮ ለሚጣፍጥ ምግብ ነው፤ ሴትዮዋ ብቻዋን መሆኗን እንደ ኬክ ታጣጥመዋለች! እኔ በሆዴ "ምስኪን፣ ሰው የላትም" አልኩ። አዘንኩላት። ታዲያ ዓመት አልፎ ዓመት ሲተካ ማዘኑ ቀረና መቅናት ጀመርኩ። እውነቴን ነው፣ ቀናሁባት።

እና አምና፣ ጥምቀት ካለፈ በኋላ፣ ጾምም ሳይገባብኝ ብዬ፣ ራሴ ሄጄ ቲኬት ቆረጥኩ። ከሮተርዳም ተነስቶ፣ ኖርዌይ በረዶውን አሳይቶ የሚመልስ መርከብ። ከዚያ ለልጄ ለሰላም ደወልኩላት። ያለችኝ አንድ እሷ ናት፣ ራይስዋይክ ከተማ ቢሮ የምትሠራዋ።

"ማማ፣ ከማን ጋር?" አለችኝ።

"ብቻዬን።"

"አይ፣ ሴሪየስ፣ ከማን ጋር?"

"ሴሪየስ ብቻዬን።"

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሄሎ፣ ሄሎ" ስል፣ በቀጭን ድምፅ "ማማ... ደህና ነሽ?" አለችኝ። "ደህና ነኝ" አልኳት። በቃ፣ እዚህ ላይ ተበላሸ! እኛ ዘንድ የታመመ ሰው ምንድነው የሚለው? "ደህና ነኝ" አይደል? በሽታ ይደበቃል፣ መርዶ ይደበቃል፣ ሐኪም የነገረንን ለልጅ አንነግርም፣ ለእናት አንነግርም፣ ለራሱ ለበሽተኛው እንኳ አንነግርም። ልጅቷ እዚህ ብታድግም ይሄን ይሄን ከእኛ አጥርታ ተምራለች። ታዲያ እናቷ በዚህ ዕድሜዋ፣ በዚህ ብርድ፣ ያለ ምክንያት፣ ብቻዋን ባሕር ላይ ልወጣ ስትላት ምን ትበል? ካንሰር አለች። በልቧ ማለቴ ነው፣ ለእኔ አልነገረችኝም።

ምን አደረገች መሰላችሁ? ቀጥ ብላ ወደ ሁይስአርትሴ፣ ወደ ሐኪሜ ሄደች። "እናቴ ምን ሆና ነው?" ብትለው፣ ሰውየው እጁን አጣጥፎ "ይቅርታ፣ ፕራይቨሲ ስለሆነ ስለ እናትሽ ምንም ልነግርሽ አልችልም" አላት። ይሄ ለሆላንድ ሰው ሕግ ነው። ለሐበሻ ግን ምንድነው? መርዶ ነዋ! ልጄ ከዚያ ደጃፍ እያለቀሰች ወጥታ ወደ ማን ደወለች? ወደ አስካለ! ዴልፍስሃቨን ሰፈር ያለችዋን የማኅበራችንን ሙሴ፣ አስካለን። አስካለ ሰማች ማለት ሮተርዳም ሰማ ማለት ነው።

እኔ ምን አውቄ? እኔ ደስ ብሎኝ ቤቴን አዘጋጃለሁ። መንገደኛ ነኝ ብዬ ፍሪዘሬን ባዶ አደረግኩ፣ ሥጋውን ለጎረቤት፣ ድርቆሹን ለአስካለ ሰጠሁ። አበቦቼን ለታችኛው ቤት ሰጠሁ። ቁልፌን ለሰላም ሰጠሁ። አዲስ የሌሊት ልብስ ገዛሁ። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ አባን "ለመንገዴ ጸሎት ያድርጉልኝ" አልኳቸው። እስቲ አሁን እናንተ ብትሆኑ፣ ይሄን ሁሉ አንድ ላይ ስታዩት ምን ትላላችሁ? "እየተሰናበተች ነው" አትሉም? አሉ!

በማግሥቱ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት አስካለ ከማኅበሩ ሴቶች ጋር ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመዋል። ገቡ፣ ተቀመጡ። አስካለ እጄን ይዛ ትደባብሰኛለች። "እትዬ በላይነሽ፣ ግድ የለም፣ የዛሬ ሕክምና ጥሩ ነው" አለችኝ።

"የምን ሕክምና? መርከብ ነው የምሄደው!"

"አዎ፣ አዎ፣ መርከብ" አለች፣ ወደ ሌሎቹ ዞራ ከንፈሯን እየመጠጠች።

"ለመዝናናት ነው አስካለ!"

"ተዝናኚ እህቴ፣ ይገባሻል፣ ስንቱን አሳልፈሻል" ብላ ማልቀስ! እሷ ስታለቅስ ሁሉም አለቀሱ፣ እኔም የሰው እንባ አይቼ ዝም ማለት አልችልምና አብሬ አለቀስኩ። ይባስ አልሆነም? አባ ደግሞ ማታውኑ ጠበል ይዘው መጡና "ልጄ፣ መቼ ነው የጀመረሽ?" አሉኝ። "ሐሳቡ አባ? ቆይቷል" አልኳቸው። ራሳቸውን ነቅንቀው "ዝም ብለሽ ቻልሽው" አሉና አጠመቁኝ።

የመነሻው ቀን ታዲያ እኔ ቀስ ብዬ በትራም ሄጄ ወደቡ ላይ ስደርስ፣ ግማሽ ማኅበር ቆሞ ይጠብቀኛል። አስካለ ሻንጣ ይዛለች! "ብቻሽንማ አትሄጂም" ብላ። ቲኬት የላትም፣ ቪዛ ይሁን ፓስፖርት አታውቅም፣ ሻንጣ ብቻ ይዛ መጣች። "አስካለ፣ በፈጠረሽ፣ ልቀቂኝ" አልኳት። ያን ጊዜ ተናደድኩ፣ አልዋሽም። አንድ ሳምንት! ዕድሜ ልኬን የሰው ሆኜ አንድ ሳምንት የራሴ ልሁን ብል ምን አለበት? ሰላም ጥግ ላይ ቆማ ዓይኗ ደም መስሏል። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ "ማማ፣ አልቀበልሽ ካለ ዝም ብለሽ ተመለሽ" አለችኝ። ባሕሩ መስሎኝ "እሺ" አልኳት። ለካ መድኃኒቱን ማለቷ ነው።

እና መርከቡ ተነሳ። ወይ መርከብ! ከተማ ነው ልጆቼ። መጀመሪያ ቀን ምግብ ቤቱ ገባሁና አስተናጋጁ "ብቻዎን ነዎት?" አለኝ። "ብቻዬን" አልኩት፣ እንደ ወንጀለኛ ወደ መሬት እያየሁ። ከብቸኞቹ ጠረጴዛ አስቀመጠኝ። አጠገቤ አንድ ጡረተኛ ሆላንዳዊ ሰውዬ ነበር። ዓሣዬ ቀድሞ መጣና እሱ ባዶ ሳህን ይዞ ሲያየኝ አላስችል አለኝ፣ "ይብሉ እንጂ" አልኩት። የእኛ ሰው ቢሆን "ኧረ በልቻለሁ፣ ኧረ ይብቃኝ፣ በሞቴ" ይል የለ? ሰውየው "አመሰግናለሁ" ብሎ ሳህኔን ስቦ ዓሣውን እስከ አጥንቱ በላው! ከዚያ አስተናጋጁ "ጣፋጭ ልጨምርልዎት?" ሲለኝ እኔ እንደ ወጉ "አይ፣ ይቅርብኝ" አልኩ፤ ደግሞ ይለምነኛል ስል እሱ ጥሎኝ ሄደ። ስንት ዓመት እዚህ ኖሬ ዛሬም ሳልለመን አልበላም፣ ይሄ ምን ይባላል?

በሁለተኛው ቀን ግን ነቃሁ። "አምጣ!" አልኩት። ባሕር መሀል ስልክ አይሠራም፣ የመርከቡን ኢንተርኔት አልገዛሁም፣ ስልኬን መሳቢያ ውስጥ ዘግቼበት ተኛሁ። ማንም አልቀሰቀሰኝም። ተነስቼ መስኮት ዳር ተቀመጥኩና ባሕሩን ሳይ ዋልኩ። ማንን አጥባለሁ? ማንንም። ለማን አበስላለሁ? ለማንም። መጀመሪያ እጄ የሚይዘው አጥቶ ጠረጴዛ ሲወለውል ያዝኩት! አልጋ የሚያነጥፈው ልጅ ሲመጣ እኔ ቀድሜ አንጥፌ እጠብቀዋለሁ፣ ልጁ "ሜቭራው፣ አለቃዬ ሥራ ፈት ይለኛል፣ እባክዎ ይተዉልኝ" ብሎ ለመነኝ። ተውኩለት። ሰው ሲያነጥፍልኝ ቁጭ ብዬ አየሁ። እና እንባዬ መጣ። ደስ ብሎኝ ነው። በዚያች ሰዓት ያቺ ሜቭራው ምን እንደምታጣጥም ገባኝ።

ታዲያ እኔ ይሄን ሳጣጥም ሮተርዳም ምን ሆኗል? "ስልኳ አይሠራም!" ተብሎ ተርመሰመሰ። ሰላም መርከቡ የት እንደሚቆም ኢንተርኔት ላይ አየችና አስካለን ይዛ፣ ከአምስተርዳም አውሮፕላን ተሳፍራ፣ በርገን! ኖርዌይ ድረስ! እኔ ከመርከብ ወርጄ፣ በረዶ ላይ ሙዚቀኞች አኮርዲዮን ሲጫወቱ፣ አሮጊቶቹ ሲጨፍሩ፣ እኔም በዚያ ወፍራም ካፖርቴ ትከሻዬን ስሰብቅ፣ እየሳቅሁ፣ አፌ እስከ ጆሮዬ ተከፍቶ፣ ቀና ስል... አስካለ! ነጠላዋን ተከናንባ፣ አጥሚት በፔርሙስ ይዛ! "ወይኔ! መድኃኒት ሰጥተዋት ነው እንዲህ የሚያደርጋት!" ብላ ጮኸች።

ሰላም ግን አልጮኸችም። "ማማ፣ እውነቱን ንገሪኝ" አለችኝ።

"ልጄ፣ ምንም የለኝም።"

"አባዬም ሲታመም ምንም የለውም ብላችሁኝ ነበር። ሁላችሁም። ፈተና አላት ብላችሁ። ፈተናዬን ጨርሼ ስመጣ ተቀብሮ ነበር።"

ሙዚቃው ጠፋብኝ። ሁሉንም ያኔ ሽማግሌ የወሰነው ነው ልበላት? እና ስልኳን ተቀበልኳት። "ነይ፣ ሁይስአርትስ ጋ እንደውል፣ እኔ ፈቅጄ ይንገርሽ" አልኳት። ደወልን። "ከፊትዎ ስድስት ሰዎች አሉ" አለን ስልኩ። እዚያ በረዶ ላይ ሦስታችን ተቃቅፈን ቆመን የስልክ ሙዚቃ ሰማን! አምስት አለን። አራት አለን። አስካለ አጥሚት ቀዳችልኝ፣ ጠጣሁት። በመጨረሻ ሐኪሙ አነሳው። "ዶክተር፣ ያለብኝን ሁሉ ለልጄ ንገርልኝ፣ አንድም አትደብቅ" አልኩት፣ ድምፁንም ከፍ አድርጌ ያዝኩት።

ሆላንድ እንደምታውቁት ነው፣ ንገር ካልከው ይናገራል! "የደም ግፊቷ ጥሩ ነው፣ ስኳር የለባትም፣ ካንሰር የለባትም፣ የቀኝ ጉልበቷ ያረጀ ነው" አለ። ሰላም ተነፈሰች። እኔ "በቃ፣ አመሰግናለሁ" ስል እሱ "አልጨረስኩም፣ ሁሉንም ብለሻል" ብሎ ቀጠለ፤ የሆድ ድርቀቴን፣ ከዚያ ባለፈው ያሳየሁትን፣ እ... ተዉት! አስካለ ደች አልሰማም የምትለው ሴትዮ ያንን ቃል በቃል ሰማችው! ሰላም በረዶው ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች፣ አለቀሰች፣ ሳቀች።

ከዚያ ተነስታ "ታዲያ ለምን ከእኔ ጋር አልሄድሽም? ከእኔ ጋር እንደዚያ ስትስቂ አይቼሽ አላውቅም" አለችኝ። ይሄ ወጋኝ። "አንቺ ካለሽ አላርፍም" አልኳት። "በላሽ ወይ፣ በረደሽ ወይ፣ ኮፍያሽስ ስል ነው የምውለው።"

"እኔ እኮ አርባ ልደፍን ነው!"

"እሱን ለእኔ ንገሪኝ እንጂ ለሆዴ ማን ይንገረው?" አልኳት። ኮፍያ አላደረገችም ነበር፣ የእኔን አውልቄ አደረግኩላት። አቀፈችኝ። "ሂጂ፣ መርከብሽ እንዳያመልጥሽ፣ ስልክሽንም አትክፈቺ" አለችኝ። ይሄን ያለችው ልጄ ናት! ከዚያ ቀን ጀምሮ ደህና ነኝ ስላት ታምነኛለች፤ እኔም ጉልበቴን ሲያመኝ አመመኝ እላታለሁ።

እና ተመለስኩ። አሁን የመጣው ነገር ነው የሚያስቀው። ገና ሻንጣዬን ሳልፈታ አንዷ፣ ስሟን አልጠራም፣ አደራ ተብያለሁ፣ ማታ ሹክክ ብላ መጣች። "እትዬ፣ ለማንም እንዳትነግሪ፣ ብቻዬን መሄድ ፈልጌ ነበር፣ እንዴት ነው የሚደረገው?" ነገርኳት። በሳምንቱ ሌላዋ መጣች፣ "ለማንም እንዳትነግሪ።" ነገርኳት። ሦስተኛውንማ አልናገርም፣ መስቀል የያዘ ሰው ስም አይጠራም፤ "የጾም ምግብ አለው ወይ?" ብቻ ነው የጠየቁኝ። ታዲያ ዘንድሮ ሁሉም ቆርጠው መጥተው ቲኬታቸውን ሲያሳዩኝ፣ አንድ መርከብ! አንድ ቀን! ምን ልበል? እያንዳንዳቸው ከሰው ሸሽተው ብቻቸውን ሊያርፉ፣ በዚያ የብቸኞቹ ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት ሊገጣጠሙ ነው። እኔ አፌን ዘግቻለሁ፣ እግዜር ያስታርቃቸው። ምን ያስቃችኋል? ጽጌ፣ አንቺ ደግሞ ለምን አትስቂም? ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ የተለዋወጠው?

"ምንም አልሆንኩም እትዬ" አለች ጽጌ። "ብቻ... ያ ሰኞ የሚነሳው ነው?"

"እኔ መቼ ቀኑን ተናገርኩ?"