ለሰገነት ሠርግ የታቀደው ሥጋ

በቢቸና ከተማ ስልክ ውስጥ ያለውን የምግብ ዕቅድ ረዳት እንደ እኔ አዝዞ የሚያሠራ ሰው የለም። ጉራ እንዳይመስላችሁ፤ ከስምንተኛ ክፍል ብቀርም ያየሁትን ነው የምናገረው። የአጎቴ የአቶ ኃይለ ጊዮርጊስ ልጅ ሰገነት እሑድ ልትዳር ነው፤ የድግሱን ዕቅድ በሰው ሠራሽ አስተውሎት ያሠራሁት እኔ ጸደንያ ነኝ።

ረቡዕ ዕለት ከመናኸሪያ ባጃጅ ስሳፈር አንዲት ሒጃብ የለበሰች፣ የኮምፒውተር ቦርሳ ያቀፈች ልጅ አጠገቤ ተቀመጠች። ከሞጣ መምጣቷ ነበር። ዝም ማለት ስላልሆነልኝ ስለ ዕቅዴ ጀመርሁላት።

«ረዳቱ ራሱ ገበያ አይወጣም» አልኋት እንደ አስተማሪ። «በውስጡ መሣሪያዎች አሉት። አንዱ እንግዳ ይቆጥራል፣ አንዱ ሥጋ ያዛል፣ አንዱ በግ ያስመጣል። ለእያንዳንዱ መግለጫ ትጽፊለታለሽ፤ እሱ መግለጫውን አንብቦ የሚያስፈልገውን ይጠራል።»

«ለሥጋው ምን ብለሽ ጻፍሽለት?»

«‹ሥጋ ያዛል።› በቃ፣ ሁለት ቃል! ሌላው ሰው ገጽ ሙሉ ይቀባጥራል።»

ልጅቷ ፈገግ አለች። «ሐናን እባላለሁ። ረዳቱን የሠራነው እኔና ጓደኞቼ ነን።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ። ጭራሽ የምትወርደውም እኛው ቤት ሆነ። ለካ የአጎቴ የቆየ ወዳጅ፣ የሞጣው ነጋዴ የሐጂ ሳሊህ ልጅ ናት፤ የአባቷን ስጦታ ይዛ ቀድማ መምጣቷ ነው።

አጎቴ ዕቅዱን የላክሁበትን የሰገነትን ስልክ ይዘው በር ላይ ጠበቁን።

«ጸደንያ! ይህ ምንድን ነው? ‹ለሁሉም እንግዳ የሚሆነው ሥጋ ከአንድ ልኳንዳ ቤት ይመጣል› ይላል። ሳሊህ ከነቤተሰቡ ከሞጣ ድረስ መጥቶ ድንኳኔ ውስጥ ጦሙን ሊውል ነው? ምን ዓይን ይዤ አየዋለሁ?»

በአገራችን ክርስቲያኑ ክርስቲያን ያረደውን፣ ሙስሊሙም ሙስሊም ያረደውን ነው የሚበላው። ሁለቱንም የሚጠራ ደጋሽ ለየብቻ ያዘጋጃል። ይህን አውቃለሁ፤ ማን የማያውቅ አለ? አልጻፍሁትም እንጂ።

አጎቴ ሐናንን ሲያዩ ደነገጡ። «ውይ ልጄ! ሰላም እንኳ ሳልልሽ። አባትሽ ደኅና ነው?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ደኅና ነው አባባ። ይህን ረዳት የሠራሁት እኔ ነኝ።»

«አትቀየሚኝና፣ ሕፃን የሚያውቀውን የማያውቅ ነገር እንዴት ድግስ ያቅዳል? የኛ ሰው ይበቃናል።»

«አልቀየምም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ከባሕር ማዶ ጎበዝ ወጥ ሠሪ ቢያስመጡና ‹ሥጋ እዘዢ› ብቻ ቢሏት፣ ለአባቴ ምን ታቀርብለታለች?»

«ያገኘችውን ነዋ! በምን ታውቃለች?»

«እንግዲያ ጥፋቱ የማን ነው?»

አጎቴ ዞር ብለው አዩኝ። እኔ ደመናውን ማየት ጀመርሁ። ቢሆንም አፌ አላረፈም።

«‹ሥጋ ያዛል› ውሸት ነው እንዴ? ማንም የሚያውቀውን መጻፍ ምን ይሠራል?»

«ውሸት አይደለም፤ ጎዶሎ ነው» አለች ሐናን። «መጻፍ ያለብሽ እኮ እሱኑ ነው፣ ማንም የሚያውቀውን። ሰው ስለሚያውቀው አይናገረውም፤ ስለማይነገር ረዳቱ ከየትም አይሰማውም። መሣሪያው ምን እንደሚሠራ፣ መቼ እንደሚጠራ፣ መቼ እንደማይጠራ፣ ሲቸግረውም ማንን እንደሚጠይቅ ጻፊለት።»

እንዲህ ያለች ልጅ አይቼ አላውቅም። አልተቆጣች፣ አልተኮፈሰች፤ አጎቴን የሚያህል ሰው ሳታዋርድ መለሰች። ደጃፉ ላይ ተቀምጠን እሷ እየጠየቀችኝ እኔ ጻፍሁ፦

«ይህ መሣሪያ ከልኳንዳ ቤት ሥጋ ያዛል። ለክርስቲያን እንግዶች ብቻ ይጠራ። ለሙስሊም እንግዶች በፍጹም አይጠራ፤ ለእነርሱ የበግ ማዘዣው ይጠራ። በጉ ከነነፍሱ ይምጣ፣ የሚያርደውም ሙስሊም ይሁን። በጾም ቀን አይጠራ። የእንግዳው ሃይማኖት ካልታወቀ የድግሱን ባለቤት ጠይቅ።»

«ድስቱስ?» የሚል ድምፅ ከጀርባችን መጣ። አጎቴ ናቸው! «ድስቱም ማማሰያውም ለብቻ ነው። ጻፊ እንጂ! ወጥ ሠሪዋም ከእነሱው ወገን ትሁን። የውኃ ዕቃቸውንም እንዳትረሺ።»

ቅድም ሲያጣጥሉ የነበሩት ሰው አላስቆም አሉኝ። ያሉትን ሁሉ ጽፌ ዕቅዱን እንደገና አሠራሁት። ለነሐጂ ሳሊህ በግ፣ ድስት፣ ወጥ ሠሪ ለብቻው ተመደበ። ከሥር ደግሞ እንዲህ የሚል መጣ፦ «ከተጠሩት እንግዶች የአቶ ስጦታው ሃይማኖት አልተነገረኝም። ከየትኛው ወገን ልመድባቸው?»

አጎቴ በሳቅ ፈነዱ። «ስጦታው እኮ ዲያቆን ነበር! ቢሆንም ደግ አደረገ። ወዳጄን አስርቤ ከምሰድ የሞኝ ጥያቄ ብመልስ ይሻለኛል። በሉ፣ ድግሱ በዚሁ ይሂድ፤ ለሳሊህም ደውዬ ቢላዋህን ስለህ ና እለዋለሁ።»

እናንተ የምታነቡኝም ስሙኝ። መግለጫ በግልጽ ሲጻፍ ሥጋ አይባክንም፣ እንግዳ አይቀየምም፤ ድግስ ደግሶ የማያውቅ ሙሽራ እንኳ አያፍርም። አምስት ደቂቃ መጻፍ ሰልችቷችሁ የዘመን ወዳጅ እንዳታጡ። ሐናን ይህን ሁሉ አስተምራን ስታበቃ ጫማዋን አውልቃ ከሴቶቹ ጋር ድንች ልትልጥ ገባች።

እኔ ግን ደረቴን ነፍቼ ወደ አጎቴ ዞርሁ። «ጋሼ፣ እሑድ ድንኳኑ ውስጥ ተነሥተው ‹ረዳቱን ያስተማረችው ጸደንያ ናት› ቢሉልኝስ?»

«ሂጂ ሽንኩርት ላጪ» አሉኝ። «የትኛውን፣ መቼ፣ ለማን እንደሆነም ልጻፍልሽ?»