ድቡና የጠበሉ እንቁራሪት

ከመካነ ኢየሱስ ወደ ደብረ ታቦር በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ አንዲት ተማሪና አንድ ቄስ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ልጅቷ ስልኳ ላይ ያለውን ነጭ ድብ ታሳያቸዋለች።

«መምሬ፣ ይህ ድብ ከምድር ሊጠፋ ነው አሉ። አንድ የእንቁራሪት ዘርም እንደዚሁ። ‹ቀድሞ መዳን ያለበት የትኛው ነው?› የሚል የቤት ሥራ ተሰጠን።»

«ድብ እኮ በኤልሳዕ ያላገጡትን ልጆች የሰባበረ አውሬ ነው! ለሱ ነው የሚታዘነው?»

«እንግዲያው እንቁራሪቷ ብዬ ልጻፍ?»

«እንቁራሪትማ የፈርዖን መቅሠፍት ናት።»

«ታዲያ ሁለቱም ይጥፉ?»

«በስመ አብ! እግዜር የፈጠረውን ይጥፋ እላለሁ እንዴ? ግራ አጋባሽኝ እኮ፣ ልጄ።»

«ድብ አይተው ያውቃሉ?»

«ከመጽሐፍ በቀር የት አየዋለሁ? እንቁራሪት ግን ጠበላችን ሙሉ ነበረች። ክረምት ሲገባ ጩኸቷ ማኅሌቱን ሁሉ ይረብሽብን ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ጠበሉ ንጹሕ ይሁን ብለን ምንጩን ዙሪያውን በሲሚንቶ ገነባነው።»

«እንቁራሪቷስ፣ መምሬ? ከዚያ ወዲህ ሰምተዋታል?»

«እሱን እኮ ነው የማስበው።»

አንድ የወንዝ ድልድይ ላይ ስንደርስ መስኮቱን ከፍቼ ጆሮዬን ለወንዙ ሰጠሁ።