የወዳጅ ቤትም ይፈተሻል

ከትምህርት ቤት ስመለስ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው መንገድ ዳር ከወንድማቸው ልጅ ጋር ሲከራከሩ አገኘኋቸው። ልጅቱ ግንባታ የተማረች ናት። እሳቸው ደግሞ የወዳጃቸውን የሰዓት ሠሪውን ቤት ሊገዙ፣ በማግስቱ ሊፈራረሙ ነው። ሰላም ብዬ ላልፍ ስል ክንዴን ለቀም አደረጉኝ።

«መምህር፣ አንተ ፍረደን! ባንኩ የላከው ሰው ቤቱን አይቶታል። ይቺ ደግሞ ሌላ ሰው ይየው ትላለች። ቤቱ ሙሽራ ነው እንዴ፣ ሁሉ የሚያየው?»

«ባንክ ካየውማ በቃ» አልኩ። የተማረ ሰው ነኝና ቶሎ መፍረድ ይቀናኛል።

«አጎቴ» አለች ልጅቱ በትሕትና፣ «ባንኩ ያየው ለራሱ ነው። ብድሩን መክፈል ቢያቅትዎ ቤቱን ሸጦ ገንዘቡን ማግኘቱን ነው የሚያየው። ጣሪያው ቢያፈስ የእርስዎ ጣጣ ነው።»

«እሺ፣ ሌላውስ ሰው ምን ያያል?»

«እሱም ሁለት ዓይነት ነው። ቀለል ያለው በዓይን የሚታየውን ብቻ ይነግርዎታል፤ ለአዲስ ቤት ይበቃል። ጠለቅ ያለው ግን ኮርኒስ ውስጥ ይገባል፣ የግድግዳውን እርጥበት ይለካል፣ ስንጥቁ ከምን እንደመጣ ይመረምራል።»

«ኧረ በሕግ! የባንኩ፣ ቀላሉ፣ ጥልቁ... ሦስቱንም ላስደርግ?»

እውነቱን ለመናገር እኔም ግራ ገብቶኛል። ቀላሉ ከባንኩ በምን ይለያል? ጥልቁን ያስፈተሸ ቀላሉንም ማስፈተሽ አለበት? ልጠይቅ አልኩና አፈርኩ። እንደገባው ሰው ራሴን ነቀነቅኩ።

«አንዱን ብቻ ነው፣ አጎቴ። ቤቱ አሮጌ ነው፤ የጓሮው ክፍልም በኋላ የተቀጠለ ነው። ስለዚህ ጠለቅ ያለውን።»

ልብስ ሰፊው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ የልጅነት ጓደኛዬ እኮ ነው። ሰው አምጥቼ ጣሪያውን ሳስበረብር ‹አጭበርባሪ ነህ› ማለቴ አይደለም? ከዚያ በኋላ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?»

ለካ ነገሩ ይሄ ኖሯል! ዕድሜ ልካቸውን የስፌት መኪና ላይ ጎንብሰው ያጠራቀሙት ጥሪት፣ ወዳጅ እንዳይቀየም ተብሎ ሳይታይ ሊሄድ ነው።

«ሰዓት ሠሪው ኮርኒስ ውስጥ ገብተው ያውቃሉ?» አለች።

«በዚህ ዕድሜው? ምን ቆርጦት!»

«ታዲያ ያላዩትን እንዴት ይንገሩዎት? የሚፈተሸው እንጨቱ ነው፤ የእሳቸው ሐቀኝነት አይደለም።»

ልብስ ሰፊው በመጨረሻ እሺ አሉ። ፊርማው እንዲዘገይ ለመለመን ሦስታችንም አብረን ወደ ሰዓት ሠሪው ሄድን። ሰዓት ሠሪው ጉዳዩን ሲሰሙ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«አላመንከኝም ማለት ነው! በል አስፈትሽ!» ብለው ጀርባቸውን ሰጡን። ልብስ ሰፊው እንባቸው መጣ፤ ልጅቱ እጃቸውን ባትይዝ ኖሮ ትተውት ሊመለሱ ነበር።

መርማሪው በቀጠሮው መጣ። ከጓሮው ክፍል ኮርኒስ ሲወርድ ፊቱ ልክ አልነበረም።

«ጣሪያውን የተሸከመውን እንጨት ምስጥ ጨርሶታል። እዚህ የሚያድር ሰው አለ?»

ሰዓት ሠሪው ወደ ግድግዳው ዞር አሉ። ግድግዳው ሥር ሁለት ትንንሽ አልጋዎች ተዘርግተዋል፤ የልጅ ልጆቻቸው ናቸው የሚተኙባቸው። ጎንበስ ብለው አንዱን አልጋ ለብቻቸው ይጎትቱ ጀመር። ልብስ ሰፊው ሮጠው በሌላው በኩል ያዙ። አንድም ቃል ሳይነጋገሩ ሁለቱንም አልጋዎች አወጡ።

እንጨቱ ተለወጠ፤ ሽያጩም በሰላም አለቀ። ገዥው የሚገዛውን አወቀ፣ ሻጩም ከኋላ ከሚመጣ ወቀሳ ዳነ፣ ወዳጅነቱም አልተነካም። እኔ ግን እነዚያን የፍተሻ ዓይነቶች እስከ ዛሬ አደባልቃለሁ።

በቅርቡ ሰዓት ሠሪው ሊገዙት ያሰቡትን ቤት ለማስፈተሽ ልጅቱን ሲጠይቁ እዚያው ነበርኩ።

«ቀለል ያለውን ነው ወይስ ጠለቅ ያለውን?» አለቻቸው።

«እኔ ስሙን የት አውቄው፣ ልጄ» አሉ። «ያንን ልጆቹ ከሥሩ የሚተኙበትን ጣሪያ ገብቶ የሚያየውን።»